ግባችን ላይክ ነው ወይስ ቤት? ግድግዳ ማስዋብን ሥራ ላደረጉ ወጣቶች



በመሐል ሜዳም ሆነ በሞላሌ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ፣ የቤት ውስጥ ግድግዳን በቀለምና በጌጥ ማስዋብን ሥራ ብለው የያዙ ወጣቶችን እያየን ነው። ደስ ይላል። ብሩሽ፣ ሮለር፣ ሜትርና መሰላል ካለ ይጀመራል፤ ሱቅ መከራየት አይጠይቅም፤ የላብ ሪዝቅ ነው። ግን ቁጭ ብለን ስናወራ "የዘንድሮ ግባችሁ ምንድን ነው?" ስንላቸው ብዙዎቹ "ቲክቶካችንን አሥር ሺህ ተከታይ ማድረስ" ይሉናል። ስንት ቤት ልትሠሩ አስባችኋል? ስንል ዝም ይላሉ።

ይህን ግብ እኛ ግብ አንለውም። ከአሥር ሺሁ ተከታይ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ሌላው ጂዳና ሪያድ ቢሆን ሞላሌ ላይ ቤቱን የሚያስቀባ ስንቱ ነው? ደግሞ ረሳነው እንዴ? ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ደንበኛውን በስልክ ውስጥ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ደንበኛ አልነበረውም። ቤታቸውን ያሳመረላቸው ሰዎች በሰፈርና በገበያ ስሙን የሚያነሱለት ግን ሥራ አላጣም። ባና ሲነሳ መንዝ የሚነሳው ማስታወቂያ ስለተነገረለት አይደለም። ብርዱን ስለቻለ ነው።

ታዲያ ግብ እንዴት ይቀመጥ? በሚቆጠር ነገር። አንድ ክፍል ግድግዳውን ጠግኖ፣ ሁለት ጊዜ ቀብቶ፣ ጌጡን ጨምሮ ሦስት ቀን ይፈጃል እንበል። በወር 24 ቀን ከሠራችሁ የምትችሉት ስምንት ክፍል ነው። ስለዚህ "በሦስት ወር 24 ክፍል፤ ከእነዚህ ስምንቱ ቀድሞ ያሠራ ሰው የላካቸው ይሁኑ" ብላችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይበልጣል። የሠራችሁለት ሰው ሌላ ሰው ካልላከ ችግሩ ማስታወቂያው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ነው። እያንዳንዱን አዲስ ደንበኛ "ማን ነገረህ?" ብላችሁ ጠይቁና መዝግቡ፤ ከዚህ የተሻለ የገበያ ጥናት በእኛ አቅም የለም።

ሒሳቡንም ከደንበኛው ጋር አብራችሁ ሥሩ። አራት በአራት የሆነ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ግድግዳው 40 ካሬ ነው (በርና መስኮቱ ሳይቀነስ)። ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር ቀለም 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፤ ሁለት ጊዜ ለመቀባት ስምንት ሊትር ያስፈልጋል። ሻካራ ግድግዳ የበለጠ ይጠጣል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ደንበኛ ስለተረፈ ቀለም አይጠረጥራችሁም፤ እናንተም ቀለሙን በውኃ አቅጥኖ ለማብቃቃት አትፈተኑም። ሱረቱል ሙጠፊፊን መስፈሪያ ስለሚያጎድሉ ሰዎች የወረደችው ለእህል ነጋዴ ብቻ አይደለም።

ወቅቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ረመዳን በ2015 መጋቢት 14፣ በ2016 መጋቢት 2፣ በ2017 ደግሞ የካቲት 22 ገባ፤ በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ወደፊት ይመጣል። የአምናውን ቀን ይዞ የሚያቅድ ሰው ገበያው ያመልጠዋል። ለአብዛኞቹ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ ዋናው ጊዜ አዲስ ዓመት ነው። ችግሩ ያለውም እዚህ ጋ ነው። ትዕዛዙ የሚበዛው በነሐሴና በጳጉሜ፣ የድንጋዩና የጭቃው ግድግዳ የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ በጠገበበት ጊዜ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ ብርድና ጉም ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ባለቤቱ ይቸኩላል፣ ቀቢውም ገንዘቡን ይፈልጋል፣ በእርጥቡ ላይ ይቀባል። ጥቅምት ሳያልቅ ቀለሙ ያብጥና ይላጣል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ማግኘታቸውን ሁላችንም ተምረናል። ሻጩ ዝናብ መታው ሲል፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም አሉት። ከቀለም ሥር ያለ እርጥበትም ያው ነው። ከመዋዋላችሁ በፊት ትንሽ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ አንድ ቀን ተዉት። በግድግዳው በኩል ውኃ ካዘለ፣ መጀመሪያ ጣሪያውና የውጭው ቦይ ይስተካከል፣ ግድግዳውም ይድረቅ በሉ። ለጭቃና ለድንጋይ ቤት ደግሞ ከፕላስቲክ ቀለም ይልቅ ኖራ ይሻላል፤ ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል። አዎ፣ የዚያን ቀን ሥራ ልታጡ ትችላላችሁ። ግን "እሱ እንኳ አይቀባም ብሎኝ ሄደ" የሚል ወሬ በከተማችን ስንት ቤት እንደሚደርስ አስቡት።

ምን እንሣል ለምትሉ፣ ነፍስ ያለውን መሣል አብዛኞቹ ዑለሞች ይከለክላሉ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ኑሮው ከዚህ ሥራ የሆነ ሰው መጥቶ ሲጠይቃቸው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን እንዲሠራ መርተውታል። ይህ ሥራችሁን አያጠበውም። የሰፌዱ ዙር፣ የአገልግሉ ጥልፍ፣ የባናው መስመር አሉ፤ ካርቶን ቆርጦ ቅርጽ ማውጣት ይቻላል። ከኢንተርኔት የወረደ የውሸት እብነበረድ ሁሉም ዘንድ አለ።

ለእህቶቻችንም አንድ ነገር እንበል። ግድግዳ በእበትና በአፈር መለቅለቅ የእናቶቻችን ሙያ ነበር። በ1998 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ በመዘገባት በሐረር ጀጎልም የቤቱን ውስጥ በቀለምና በስፌት አስውበው ያቆዩት ሴቶቹ ናቸው። አባወራው ሥራ ሲውል፣ ሴቶች ብቻ ባሉበት ቤት ወንድ ቀቢ ሦስት ቀን ማስገባት የሚከብደው ቤተሰብ ብዙ ነው። ሁለት እህቶች ተጣምረው ቢጀምሩ ይህን ገበያ የሚሻማቸው አናውቅም። ወንድም ሆነ ሴት፣ የሰው ቤት ውስጡ ገመና ነውና ባለቤቱ ሳይፈቅድ ፎቶ አንሥታችሁ አትለጥፉ።

በመጨረሻ ለመስጂድ ኮሚቴዎቻችን። ወጣት ቀቢ ስናይ "ለአኺራህ ነው" ብለን መስጂዱን በነፃ ማስቀባት ልማድ ሆኖብናል። ልጁ መሰላሉን በዱቤ ገዝቶ ይሆናል። የመስጂዱ ግድግዳ በቀን አምስት ጊዜ የሚታይ ማስታወቂያው ይሁንለት፤ የቀለሙንም የጉልበቱንም ሒሳብ ግን እንክፈለው። ገንዘቡ ከእጁ ከገባ በኋላ መልሶ ሰደቃ ማድረግ የራሱ ምርጫ ነው።