«አሉ» ባዩ ማነው?

ለዕረፍት ወደየትውልድ ከተማችን ደርሰን የተመለስን ሁሉ አንድ ነገር ሳንታዘብ አልቀረንም። ሻንጣችንን ከአውቶቡስ ሳናወርድ የመምጣታችን ወሬ ቀድሞን ከቤት ይደርሳል። በዚያው ማታ ስንት ትምህርት እንደወደቅን፣ ከማን ጋር እንደታየን፣ ስለ ምን እንደከሳን ጎረቤት ያውቀዋል፤ እኛ ራሳችን ገና ያልሰማነውንም ጭምር።

«ሐሜት የሥራ ፈት ነው» ብሎ ማለፍ በተማሪ ዘንድ የተለመደ ነው። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በትንሽ ከተማ ጋዜጣ የለም። የዕቁቡን ገንዘብ ማን ቢይዝ ይታመናል፣ ብድር የጠየቀው ሰው ይመልሳል ወይ፣ ልጅ ለማግባት ሽማግሌ የላከው ጎልማሳ ከፊተኛዋ ሚስቱ በምን ተለያየ፣ የትኛዋ አሮጊት ታማ ጠያቂ አጥታለች፤ ይህ ሁሉ የሚታወቀው ቡና ሲጠጣ ነው።

የምንቃወመው ባለቤት የሌለውን ወሬ ነው። ተናጋሪው የፈለገውን አውርቶ መጨረሻው ላይ «አሉ» ካለ ዕዳው ከእርሱ ወረደ። ማን አለ? ቢሉት «እኔ ምን አውቄ፣ ሲባል ሰማሁ» ነው መልሱ። ስም ማጥፋት በሕግ ያስቀጣል፤ ግን «አሉ»ን ማን ከሶ ያቆመዋል?

ባለፈው ዓመት አንዲት ባልንጀራችን ታይፎይድ ይዟት ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ወላጆቿ ሄደች። በአቦሉ «ታማ መጣች» ተባለ። በቶናው «ስሙ የማይነገር ምን በሽታ ነው?» ተባለ። በረካው ሳይጠጣ ልጅቷ አርግዛለች። እናቷ የሐኪም ወረቀት አውጥተው ቢያሳዩ «ወረቀትማ በገንዘብ ይገኛል» አሏቸው። አባቷ ከዚያ ወዲህ ማኅበር መሄድ ተዉ።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ አገር በኦርሌያን ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት 1969 ዓ.ም. ልብስ ሊለኩ አይሁድ ነጋዴዎች ሱቅ የገቡ ልጃገረዶች እየደነዘዙ ተሰረቁ፣ ወደ ውጭ አገርም ተሸጡ ተባለ። አንዲትም የጠፋች ልጅ አልነበረችም። ይህ ሲነገር ደግሞ ፖሊሱም ጋዜጣውም ተገዝቷል ተባለ። ኤድጋር ሞራን የተባለ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ነገሩን አጥንቶ በዚያው ዓመት መጽሐፍ አወጣበት። ማስተባበያው ራሱ ለወሬው ማገዶ ሆነ፤ ልክ እንደ ሐኪሙ ወረቀት።

ኦልፖርትና ፖስትማን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1947 ዓ.ም. (ይህም እንደ አውሮፓ ነው) ባሳተሙት መጽሐፍ ወሬ የሚስፋፋው ጉዳዩ ሰሚውን የሚያሳስበው ሲሆንና እውነቱም ድፍን ሲሆንበት ነው ብለዋል። ሁለቱም በዚያች ከተማ ነበሩ። ሴት ልጁን ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ የላከ ወላጅ ሁሉ ይሰጋል፤ እዚህ እንዴት እንደምንኖር ግን በቅጡ የነገረው የለም። እኛ ቤት ስንገባ ስለ ውጤት እንዋሻለን፣ ስለ ቀረው ዝም እንላለን።

ከዝምታ የከፋም አድርገናል። ወሬው ከከተማዋ በስልክ ወደ ግቢያችን ሲመጣ በመኝታ ክፍልና በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ ተቀባብለነዋል፤ ይህን ጽሑፍ ከምናዘጋጀው መካከልም «እሳት በሌለበት ጢስ የለም» ያልን ነበርን። ከዚያ «በግቢውም ይባላል» ተብሎ ተመልሶ ሄደና በከተማዋ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ።

ልጅቷ ድና በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ተመልሳለች። ከመካከላችን እስካሁን ሄዶ ያናገራት የለም።