አንዲት የእግር ጣት ለምን ሦስት ራጅ?

በሬ ሲረግጠን ወይም ድንጋይ ሲወድቅብን «ጣቴ ከተንቀሳቀሰች አልተሰበረችም» እንላለን። ልክ አይደለም። የተሰበረች ጣትም ትንቀሳቀሳለች።

ራጅ ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳይ ፎቶ ነው። በ1895 በአውሮፓ አቆጣጠር ሬንትገን የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ጨረሩን አገኘ።

ታዲያ ባለሙያው አንዲቷን ጣት ሦስት ጊዜ ሲያነሳ ሰዉ ያጉረመርማል። ሞፈር ስትመርጡ አገላብጣችሁ አይደል የምታዩት? ከላይ ደህና የመሰለው ከጎኑ ተሰንጥቆ ይገኛል። አጥንትም እንደዚያው ነው። ስለዚህ አንዱ ፎቶ ከላይ፣ አንዱ በሰያፍ፣ አንዱ ከጎን ይነሳል። ከጎን ሲነሳ ጣቶች ይደራረባሉ፤ አንዱ ሌላውን ይጋርዳል። ለዚህ ነው ጤነኞቹን ጣቶች በፋሻ ሳብ አድርገው የሚይዟቸው። ያማል፣ አውቃለሁ። ግን እግራችሁን አታንቀሳቅሱ፤ ፎቶው ይደበዝዛል።

በተለይ አውራ ጣትን አትናቁ። ያለው 2 አጥንት ብቻ ነው፤ ስንራመድ ግን ብዙ ክብደት ይሸከማል። ጠሞ ከገጠመ እርሻ ላይ መዋል ይከብዳል። ስለዚህ ወጌሻ ከመሳቡ በፊት ራጁ ይታይ።

ነፍሰ ጡር የሆነች ራጅ ሳትነሳ ለባለሙያው ትንገር። ጣቱ ቆስሎ አጥንት ከታየ፣ ወይም ከጠቆረና ከደነዘዘ፣ ገበያ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ያኑ ቀን ሂዱ።