ልጅ ለማግኘት ስለሚዋጥ መድኃኒት

ልጅ ወልዶ ዘርን መተካት በአገራችን ሰው ዘንድ ከሀብት ሁሉ የሚበልጥ ሀብት ነው። ስለዚህም ባልና ሚስት ተጋብተው ዓመት ዓመትን እየተካ ልጅ ሳይወለድ የቀረ እንደ ሆነ፥ ሐዘኑ የሁለቱ ብቻ ሳይሆን የዘመድም የጎረቤትም ይሆናል። ዳሩ ግን ሐዘኑን ሁሉም ቢካፈለው ወቀሳውን የምትሸከመው ሚስቲቱ ብቻ ናት።

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጎብዬና በራያ ቆላ መንደሮች ሁሉ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ሴቲቱ ሳትወልድ ስትቆይ አማቲቱ ታጉረመርማለች፤ ጎረቤት ይጠቋቆማል፤ ባልም ሌላ ማግባትን ያስባል። እርስዋም ክርስቲያን እንደ ሆነች ወደ ጸበል ትሄዳለች፤ ሙስሊም እንደ ሆነች ዱዓ ታስደርጋለች። ፈጣሪን መለመን የሚያስነቅፍ አይደለም። በዛሬው ዘመን ግን ሌላ መንገድ ተጨምሯል፤ ይኸውም «እገሊት ይህን ኪኒን ውጣ ወለደች» የሚለውን ወሬ ሰምቶ፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ሻጭ ገዝቶ መዋጥ ነው። ዛሬ ልንናገርበት የፈለግነው ስለዚህ ነገር ነው።

መድኃኒቱስ በእውነት መድኃኒት ነው። ክሎሚፌን የሚባለው ኪኒን በአሜሪካ አገር በ1956 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ በ1967 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ሥራውም እንዲህ ነው። በሴት አንጎል ሥር ያለች አንዲት ትንሽ ዕጢ በየወሩ ወደ እንቁልጢ መልእክት ትልካለች፤ በዚያም ትእዛዝ አንድ እንቁላል በስሎ ይወጣል። ኪኒኑ የሴትነት ሆርሞን ያነሰ መስሎ ለአንጎል እንዲታየው ያደርጋል፤ በዚህ ጊዜ ዕጢዋ መልእክቷን ታበረታለች፤ ሳይበስል የቆየውም እንቁላል ይበስላል። ከዚህ በኋላ ደግሞ ለጡት ካንሰር ተሠርቶ የነበረው ሌትሮዞል ለዚሁ ሥራ ተገኘ። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፥ እንቁልጢያቸው በየወሩ እንቁላል በማያወጣበት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ በተባለው ሕመም የተያዙ 750 ሴቶች ተመርምረው፥ ሌትሮዞል ከወሰዱት ከመቶ 27.5፥ ክሎሚፌን ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 19.1 ልጅ ወልደዋል።

እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባው፥ ይህ መድኃኒት የሚረዳው እንቁላል የማይበስልላትን ሴት ብቻ መሆኑን ነው። የራያ ገበሬ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። ጎርፉ ከመድረሱ አስቀድሞ ግን ቦዩን ይጠርጋል፤ ቦዩ የተደፈነ እንደ ሆነ ጎርፉ ምንም ቢበዛ ማሳው ደርቆ ይቀራል። የማሕፀን ቱቦም እንዲሁ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት እንዳሳየው፥ ከሰሐራ በታች ባሉት የአፍሪካ አገሮች መካንነትን ከሚያመጡት ነገሮች ዋነኛው ቱቦን የሚደፍን የቆየ ልክፈት ነው። ይህም በግንኙነት ከሚተላለፍ በሽታ፥ ንጽሕና ከጎደለው ወሊድ ወይም ውርጃ የሚመጣ ነው። ቱቦዋ ለተደፈነባት ሴት እንቁላል ማብሰያ ኪኒን ምን ይጠቅማታል?

ሁለተኛም የባል ነገር አለ። ልጅ ከታጣባቸው ትዳሮች በግማሽ ያህሉ ውስጥ የወንዱ ዘር ማነስ ወይም መድከም እንዳለበት ሐኪሞች ይናገራሉ። የወንድ ምርመራም ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ዘርን መስጠት ነው፤ መርፌም ቢላዋም የለበትም። ይህን ቀላል ነገር አፍሮ የሚተው ባል ሚስቱን ለዓመታት መድኃኒት ሲያስውጣት ይኖራል። ባል ወይም ሚስት ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ሄደው ዓመቱን ተለያይተው የሚኖሩም ብዙዎች ናቸው፤ ለመለያየት የተሠራ ኪኒን የለም።

ሦስተኛም ረኃብ ነው። ቆቦ፥ አላማጣና ኮረም በ1977 ዓ.ም. ምን እንዳዩ የማያውቅ የለም። ሰውነቷ የከሳና ልብዋ በሐዘን የተጎዳ ሴት የወር አበባዋ ሊቆም ይችላል። እንዲህ ባለችው ሴት ሰውነት ውስጥ የሴትነት ሆርሞን አስቀድሞ ስላነሰ፥ ክሎሚፌን የሚሠራበት ነገር አያገኝም። የእርስዋ መድኃኒት እህልና ዕረፍት ነው። እንቅርትና ሌላም የዕጢ ሕመም ያለባትም አስቀድሞ ያንኑ ልትታከም ይገባል።

ከዚህም በቀር መድኃኒቱ ያለ ጠባቂ የተወሰደ እንደ ሆነ ጉዳት አለው። ክሎሚፌን ወስደው ካረገዙት ከመቶ እስከ ስምንት የሚደርሱት መንታ ያረግዛሉ። መንታ በረከት ነው እንል ይሆናል፤ ነገር ግን ከሆስፒታል ርቃ ለምትወልድ እናት ምጥዋ የከፋ፥ ደምዋ የሚያሰጋ፥ ልጆችዋም ያለ ቀናቸው የሚወለዱ መሆናቸውን መርሳት አይገባም። አንዳንድ ጊዜ እንቁልጢ አብጦ ሆድን ይነፋል፤ ዓይንም ይደበዝዛል፤ ዓይንዋ የደበዘዘባት ሴት ወዲያው አቁማ ወደ ሐኪም መሄድ አለባት። ብዙውን ጊዜም ከስድስት ወር አደፍ በላይ እንዳይሰጥ ሐኪሞች ይመክራሉ። እገሊት ወለደችበት ተብሎ ዓመት ሙሉ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ ምርመራን ዘልሎ ኪኒንን መቅደም ገንዘብንም ዕድሜንም ማፍሰስ ነው። ገንዘብስ ተመልሶ ይገኛል፤ የሴት ልጅ የመውለጃ ዘመን ግን ካለፈ አይመለስም።

ስለዚህ ሥርዓቱ ይህ ነው። ሚስት ዕድሜዋ ከ35 በታች ሆና ባልና ሚስት ሳይለያዩ ዓመት ኖረው ልጅ ያላገኙ እንደ ሆነ፥ ከ35 በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር ካለፈ፥ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ ሐኪም ይሂዱ። የወር አበባዋ የተዛባባት ወይም የቆመባት ሴት ግን ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልጋትም። የባል ዘር ይመርመር፤ የሚስት የወር አበባ ይጠየቅ፤ ዕጢዎችዋና ቱቦዎችዋ ይታዩ። ችግሩ የእንቁላል አለመብሰል ሆኖ ከተገኘ፥ ያን ጊዜ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን፥ የወር አበባዋ በጀመረ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ባለው ቀን ጀምራ ለአምስት ቀን ትውሰድ፤ እንቁላሉ መውጣቱም ይጠበቅ።

የመንግሥትም ድርሻ አለ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማእከል መከፈቱ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ከጎብዬ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ለድሀ ገበሬ ረጅም ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የሰሜን ወሎ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተዘርፈው እንደ ነበሩም አንረሳውም። የወንድን ዘር በማይክሮስኮፕ ማየትና የዕጢን ደም መመርመር በየዞኑ ሆስፒታል እንዲገኝ ማድረግ ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ እንደሚያስተምሩ ሁሉ፥ መውለድ ላልቻሉት ደግሞ ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ቢመክሩ የብዙ ትዳር መፍረስ ይቀራል። መድኃኒት ሻጮችም ይህን ኪኒን ያለ ሐኪም ወረቀት ከመስጠት ይከልከሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ተረት። በዚህ ነገር ግን በሽታውን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ ባል ሆኖ መድኃኒቱን የምትውጠው ሚስት ናት። እንግዲህ የጎብዬ፥ የሮቢትና የቆቦ አባወራዎች ሆይ፥ ልጅ የሁለት ሰው ሥራ እንደ መሆኑ፥ ወደ ሐኪም ቤትም ከሚስታችሁ ጋራ አብራችሁ ሂዱ።