ጥቅጥቅ ሴራሚክ፦ ከማዕድን ባለቤትነት ባሻገር

የኳንተም ኮምፒውተሮችና የሬዲዮ ቴሌስኮፕ መቀበያዎች በርካታ ክፍሎቻቸው የሚሠሩት ከፍፁም ዜሮ እምብዛም ባልራቀ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። በዚህ ሁኔታ ኤሌክትሪክ ሳያስተላልፉ ቻርጅ የሚያከማቹ ዳይኤሌክትሪክ ቁሶች ያስፈልጋሉ። ከእነዚህም መካከል ከብረታ ብረት ኦክሳይድ የሚሠሩ ሴራሚኮች ይገኙበታል።

ስትሮንቲየም ቲታኔት የተሰኘው ኦክሳይድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የቻርጅ ማከማቸት አቅሙን የሚያመለክተው አሃዝ በመደበኛ የክፍል ሙቀት 300 ያህል ሲሆን፣ በፈሳሽ ሂሊየም ቅዝቃዜ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ከ20 ሺህ በላይ ይደርሳል። የዚህን ባህርይ ምክንያት ካርል አሌክስ ሙለር ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ በ1979 አብራርተዋል።

ይሁንና ይህ ውጤት የተገኘው ከነጠላ ክሪስታል ነው። ከዱቄት ተጋግሮ የሚሠራው ሴራሚክ በቅንጣቶቹ ድንበርና በውስጡ በሚቀሩ ጥቃቅን ክፍተቶች ሳቢያ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ አቅም ይኖረዋል። ክፍተቶቹ እርጥበት ከመሳባቸውም በላይ ቁሱ በከፍተኛ ቮልቴጅ እንዲበሳ ያደርጋሉ።

ጥቅጥቅ ያለ ሴራሚክ ለማግኘት ንጹሕ ዱቄት በደቃቁ ተፈጭቶ በግፊት ከተጠቀጠቀ በኋላ ሳይቀልጥ በከፍተኛ ሙቀት ይጋገራል። ሙቀቱ ካነሰ ክፍተቱ አይዘጋም፤ ከበዛ ደግሞ ቅንጣቶቹ ከመጠን በላይ አድገው ክፍተቱን በውስጣቸው ያስቀራሉ። የመጋገሪያ ሙቀትን የሚቀንሱ ተጨማሪ ኦክሳይዶች ቢኖሩም፣ በድንበሮቹ ላይ የሚተዉት ቅሪት የቁሱን አቅም ይቀንሳል። የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2016 ይፋ ያደረጉት ዘዴ ጥቂት ፈሳሽና ግፊት በመጠቀም አንዳንድ ኦክሳይዶችን ከ300 ዲግሪ በታች ለማጠጋጋት አስችሏል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። በኦሮሚያ ክልል ጉጂ ዞን ከሚገኘው ቀንጢቻ የወጣው ታንታለም ለዓመታት ለውጭ ገበያ የቀረበው እሴት ሳይጨመርበት ነው። ታንታለም ኦክሳይድ ከባሪየምና ከማግኒዥየም ጋር ሲዋሃድ ለማይክሮዌቭ ማጣሪያዎች የሚውል ሴራሚክ ይሆናል፤ ጥቅጥቅ እንዲል ግን እስከ 1 ሺህ 600 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይሻል።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው የማዕድን ባለቤትነት ብቻውን የምርት ባለቤት አያደርግም። ንጽሕናን የሚለካ ላቦራቶሪ፣ ሙቀቱን በትክክል የሚቆጣጠር ምድጃና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋሉ። በመሆኑም በማዕድን ላይ እሴት ለመጨመር የሚወጡ ዕቅዶች ከማዕድን ማውጫው ባልተናነሰ ለእነዚህ አቅሞች በጀትና ጊዜ ሊመድቡ ይገባል።