ውሃ መጨመር ጥገና አይደለም

በከተሞቻችን ጎዳናዎች ላይ ከሚመላለሱት አውቶሞቢሎች መካከል ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ከ20 እና ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለ ኮሮላ ወይም ሚኒባስ ዛሬም ሰው ጭኖ ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ እናያለን። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ይልቁንም ሌላው ዓለም በቃኝ ብሎ የጣለውን ዕቃ አድሶ ማሠራት የሚችል ባለሙያ እንዳለን የሚመሰክር ነው። ነገር ግን ከእነዚህ አውቶሞቢሎች የብዙዎቹን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍተን ብንመለከት ከመለዋወጫው ጎማ አጠገብ አንድ የተለመደ ዕቃ ተቀምጦ እናገኛለን፤ ይኸውም ውሃ የተሞላ ጀሪካን ነው።

ዛሬ ጥቂት ልንናገር ያሰብነው ስለዚሁ ጀሪካን ነው። ነጂው ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ከጀሪካኑ ይጨምራል፤ እኩለ ቀን ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ድረስ እንደገና ይጨምራል፤ ማታ ባዶውን ጀሪካን ሞልቶ ይገባል። ይህንኑ ለወራት ሲያደርግ ከቆየ በኋላ ውሃ መጨመሩ የአውቶሞቢሉ ጠባይ እንጂ በሽታ መስሎ አይታየውም። «ይህች መኪና ውሃ ትወዳለች» ይላል። እኛ ግን ውሃ የሚወድ አውቶሞቢል የለም እንላለን። ያለው ውሃ የሚያፈስ አውቶሞቢልና ምክንያቱን ያልጠየቀ ባለቤት ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። አንድ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ወደ ጉልበት የሚለወጠው ከግማሽ በታች ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ሙቀት ከፊሉ በጭስ ማውጫው ሲሄድ ሌላውን ከሞተሩ ውስጥ ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ የሚያደርሰው ውሃው ነው። ዕድሜ ጠገቡ ቮልስዋገን ብቻ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርም ውሃም አያውቅም፤ ሌሎቹ አውቶሞቢሎቻችን ግን ኑሯቸው በውሃው ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህ ጉዳይ በእኛ አገር ይልቁንም የሚከብድበት ምክንያት አለ። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በደብረ ሲና መንገድ ከጣርማ በር ላይ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ስንደርስ ደግሞ ወደ 90 ዲግሪ ይወርዳል። በደጋ አገር ባቄላ ቶሎ የማይበስለው በዚሁ ምክንያት መሆኑን ብዙ እናቶች ከልምድ ያውቁታል። እንግዲህ ሞተር በደኅና ጊዜው የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ታዲያ ውሃው በየጊዜው የማይፈላው ለምንድን ነው ቢባል፥ መልሱ በራዲያተሩ ክዳን ላይ ይገኛል። ክዳኑን ገልብጦ ላየው 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ብዙ ጊዜ ተጽፎበታል። ይህም ክዳኑ በውስጥ አፍኖ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው፤ በዚህ ግፊት የታፈነ ውሃ በአዲስ አበባም ሳይቀር ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም።

ቀዳዳ ያለበት ራዲያተር ወይም ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ይህንን ግፊት ሊይዝ አይችልም። ግፊቱ ሲያመልጥ ውሃው እንደ ክፍት ድስት በ92 ዲግሪ መፍላት ይጀምራል፤ ማለት ሞተሩ ገና በደኅና ሙቀቱ ላይ ሳለ ማለት ነው። ስለዚህ ጠብታ የምናጠፋው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ውሃውን ከመፍላት የሚጠብቀውንም ኀይል ጭምር እናጣለን። በቆላ አገር ለወራት ታግሦ ሊሄድ የሚችል ጥቂት ፍሳሽ በእኛ ደጋ ላይ በአንድ ዳገት ሞተር የሚያበላሸው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የሚጎድል ውሃ የሚሄድበት ቦታ አለው። መንገዱም ሦስት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ወደ ውጭ መፍሰስ ነው። ይህንን ለማወቅ ማታ ከሞተሩ በታች ንጹሕ ካርቶን አንጥፎ ማሳደርና ጠዋት እርጥቡ የት ላይ እንዳረፈ ማየት ይበቃል። የጎማ ቱቦዎቹን በቀዝቃዛ ሞተር በእጅ ጨበጥ አድርጎ መፈተሽ ነው፤ የደረቀና የተሰነጠቀ፥ ወይም እንደ ስፖንጅ የላላ ቱቦ ዕድሜው አልቋል። በውሃው ፓምፕ ሥር ያለች አንዲት ትንሽ ቀዳዳም አለች፤ በእርስዋ በኩል ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ የፓምፑ ማሸጊያ መበላቱን ትናገራለች፤ ይህችን ቀዳዳ መድፈን ምስክርን አፍ እንደ መያዝ ይቆጠራል።

ሁለተኛው በክዳኑ በኩል በእንፋሎት ማምለጥ ነው። የዚህ መድኃኒቱ ከሁሉ የረከሰው ሲሆን ከሁሉ የተረሳውም እርሱ ነው፤ ክዳኑን በትክክለኛው ቁጥር መለወጥ ብቻ ነው። ሦስተኛውና የሚያስፈራው ወደ ሞተሩ ውስጥ መግባት ነው። ከታች አንዲት ጠብታ ሳትታይ ውሃው የሚጎድል ከሆነ፥ የዘይቱ መልክ ቡና በወተት የመሰለ ከሆነ፥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ የማይቋረጥ ከሆነ፥ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አልቀረም። ያን ጊዜ አውቶሞቢሉ ወደ ባለሙያ እንጂ ወደ ሥራ መሄድ አይገባውም።

ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በግምት መናገር አያስፈልግም። በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚገጠም፥ መለኪያ ያለው የእጅ መንፊያ አለ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በክዳኑ ላይ እስከ ተጻፈው ቁጥር ድረስ ግፊት ይሰጡበትና መርፌውን ይመለከታሉ፤ መርፌው ባለበት ከቆመ ደኅና ነው፤ ከወረደ ግን ፍሳሹ ራሱን ይገልጣል። ይህ ሥራ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ይሁን እንጂ መኪናው ሞቀብኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው ይህንን ፈተና ሳያደርጉ «ቴርሞስታቱን እናውጣው» ብለው የሚሰናበቱ ጋራዦች መኖራቸውን ታዝበናል። ቴርሞስታት ማለት ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር ዘግቶ የሚቆይ፥ በብዙ ቶዮታዎች በ82 ዲግሪ ገደማ መከፈት የሚጀምር ዕቃ ነው። ተበላሽቶ እንደሆነ በአዲስ ይለወጣል። አውጥቶ መጣል ግን ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲሠራ፥ ነዳጅ እንዲያበዛና ቶሎ እንዲበላ ያደርገዋል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ላይም የሞቀው ውሃ ከፊሉ በራዲያተሩ ሳያልፍ በአቋራጭ ስለሚመለስ በዳገት ጊዜ ሙቀቱ ይብስበታል። በር አልከፈት ቢል በሩን ነቅሎ መጣል የቤት አጠባበቅ አይደለም።

ስለ ውሃውም ዐይነት አንድ ቃል እንጨምር። «አገራችን ውሃ የሚያረጋ ብርድ ስለሌለባት ኩላንት አያስፈልገንም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ኩላንቱ ግን ለብርድ ብቻ የተሠራ አይደለም። ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፤ የፓምፑን ማሸጊያ ያለሰልሳል፤ ውሃው የሚፈላበትንም ዲግሪ ጥቂት ከፍ ያደርጋል። የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ግን በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ያለ ነጭ ቅርፊት እያበጀ የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያዎች ይደፍናል። ነገር ግን አብዛኛው ኩላንት ጣዕሙ ጣፋጭ ሲሆን መርዝ ነውና በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቀድቶ ሕፃናት በሚደርሱበት ቦታ ማኖር፥ የተቀዳውንም በየሜዳው መድፋት ሊቀር ይገባል።

በመንገድ ላይ ሳለ ሙቀቱ ከፍ ያለበት ሰው ምን ያድርግ? ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይን በረሃ የሚያቋርጠውን 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከድልድዩ ተነሥቶ በቆላው ሐሩር ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ አሮጌ አውቶሞቢል ጉዱ የሚታየው እዚያ ነው። መርፌው ሲነሣ ነጂው አየር ማቀዝቀዣውን ይዝጋ፤ የሙቀት መስጫውን እስከ መጨረሻው ይክፈት፤ ለተሳፋሪው ባይመችም ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳልና። መርፌው ካልተመለሰ ግን ዳር ይዞ ይቁምና ሞተሩን ያጥፋ። ከፍ ብሎ የነበረው መርፌ ያለ ምክንያት ድንገት ቢወርድም ዳነልኝ ብሎ አይደሰት፤ ውሃው ጨርሶ ሲያልቅ መለኪያው የሚነካው ስለሚያጣ ቀዝቃዛ ይመስላል።

ከቆመም በኋላ ክዳኑን ወዲያው መክፈት ከሁሉ የከፋ ነገር ነው። ግፊቱ በተለቀቀ ጊዜ የታፈነው ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትንና እጅን ይልጣል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፥ ይልቁንም እጅ በራዲያተሩ ላይ ለማሳረፍ እስኪቻል ድረስ መታገሥ ይገባል፤ ከዚያም ወፍራም ጨርቅ ደርቦ፥ ፊትን አርቆ፥ ክዳኑን ጥቂት ብቻ በማዞር ትንፋሹን ማውጣት ነው። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥ አይገባም። በብዙ አውቶሞቢሎች የሞተሩ አካል ከብረት፥ ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ ሲሞቁም ሲቀዘቅዙም አካሄዳቸው አንድ አይደለም፤ በድንገት የቀዘቀዘ ቴስታታ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። በየአገሩ ያሉ የድሮ ነጂዎች ዕንቁላል ወደ ራዲያተር ውስጥ ሰብረው ቀዳዳ እንደሚደፍኑ ይነገራል። ሰው በሌለበት በረሃ ለአንድ ጊዜ ቢያደርሳቸው እንኳ ጠንካራውን መተላለፊያ ሁሉ አብሮ ስለሚደፍን ዋጋውን በኋላ ያስከፍላል።

እስከዚህ የተናገርነው የሞተሩን ጉዳይ ነው። ዋናው ችግር ግን በሰዎች መካከል ያለ ይመስለናል። አብዛኛው የታክሲ ሥራ በባለቤቱና በነጂው መካከል የተከፈለ ነው። ነጂው የቀን ገቢ ማስገባት አለበት፤ አውቶሞቢሉ አንድ ቀን ጋራዥ ከዋለ ያ ቀን ከእንጀራው ይጎድላል። ስለዚህ ጠብታውን እያየ ዝም ይላል። ባለቤቱም ገንዘቡ እስከ ገባለት ድረስ ኮፈኑን ከፍቶ አያይም። አንዱ «ባለቤቱ ያውቃል» ሲል፥ ሌላው «ሹፌሩ ቢኖር ይነግረኝ ነበር» ሲል፥ ጠብታው በሁለቱ መካከል ይወርዳል። ቴስታታው የተጣመመ ዕለት ግን ሁለቱም ይካሰሳሉ፤ አንድ ቀን ያልተሰጠው ሥራ ሳምንታት ይወስዳል፤ የዚያን ቤተሰብ የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ የሚከፍለውም ይጠፋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለዚህ ያለ ነገር ነው።

ይልቁንም ጊዜው ራሱ የሚያስገድድ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ አውቶሞቢሎች ላይ የተጣለው ታክስ እስከ 500 በመቶ ደረሰ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ይህ ውሳኔ ደግ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለሌላ ጊዜ እንተወውና፥ በእጅ ያለውን አሮጌ አውቶሞቢል በሌላ አሮጌ መተካት ከቀድሞው ይልቅ የከበደ መሆኑን ግን ሁሉም ይረዳዋል። ያለንን መጠበቅ እንግዲህ ከቁጠባም በላይ ነው።

ስለዚህ በበኩላችን የምናሳስበው ይህ ነው። ባለቤቱ ለነጂው «ፍሳሽ ባየህ ጊዜ ንገረኝ፤ መኪናው ለጥገና የዋለበትን ቀን ገቢ አልጠይቅህም» ብሎ ከመጀመሪያው ይዋዋል። ነጂውም በየጠዋቱ የጨመረውን ውሃ በሊትር ጽፎ ይያዝ፤ ትናንት ግማሽ ሊትር የነበረው ዛሬ አንድ ሊትር ከሆነ ቀኑ መድረሱን ያውቃል። ጋራዦች ሳይለኩ አይፍቱ፤ ጓርኒሲዮን በሚለውጡበትም ጊዜ ቴስታታው ቀጥ ማለቱን በመለኪያ ሳያረጋግጡ መልሰው አይግጠሙ። ዓመታዊውን የተሽከርካሪ ምርመራ የሚያደርጉ ክፍሎችም ከሞተር ሥር ለሚታይ ጠብታ ትኩረት ቢሰጡ በየዳገቱ መንገድ ዘግቶ የሚቆመው አውቶሞቢል ይቀንሳል።

ጀሪካኑን አትያዙ አንልም። ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ውሃ መያዙ ማስተዋል ነው። ነገር ግን ለክፉ ቀን የተያዘ ጀሪካን በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ፥ ክፉው ቀን ገብቷልና ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በርጥቡ መድረስ ይበጃል።