የኢንተርኔት ደኅንነት ትምህርት ከልጁ አልፎ ለወላጁም ይድረስ

የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ከኢንተርኔት አደጋ ራሳቸውን እንዲጠብቁ የማስተማር ግዴታ ከተጣለባቸው ዓመታት ተቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ሕፃናት ጥበቃ ሕግ፣ ኢ-ሬት በተሰኘው የፌዴራል መርሐ ግብር የኢንተርኔት ክፍያ ቅናሽ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸው በማኅበራዊ መገናኛ ገጾችና በመወያያ መድረኮች እንዴት ተገቢ ግንኙነት እንደሚያደርጉ፣ የኢንተርኔት ላይ ትንኮሳንም እንዴት እንደሚለዩና እንደሚመክቱ እንዲያስተምሩ ይደነግጋል። የቨርጂኒያ ግዛት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድማ፣ በ2006፣ ተመሳሳይ ግዴታ በሕግ አስፍራለች። ስለዚህ ልጆች ይማሩ ወይስ አይማሩ የሚለው ክርክር በሕግ ረገድ ተዘግቷል። ሳይመለስ የቀረው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ልጁ በክፍል ውስጥ የተማረው ነገር ቤት ሲደርስ ማን ይቀበለዋል?

አማርኛ ተናጋሪዎች በብዛት በሚኖሩባቸው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የብዙ ቤተሰቦች ሁኔታ ተመሳሳይ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ወላጅ ከሌሊት ፈረቃ ወይም ከታክሲ ሥራ ሲመለስ የትምህርት ቤቱን ወረቀት የሚያነብለትና የት እንደሚፈርም የሚያሳየው ልጁ ነው። የባንኩን ደብዳቤና የክሊኒኩን ቀጠሮ የሚተረጉመውም እርሱ ነው። ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች የግል መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት የወላጅ ፈቃድ እንዲጠየቅ የሚያስገድደው የ1998ቱ የሕፃናት የኢንተርኔት ግላዊነት ጥበቃ ሕግ እንኳ በእንዲህ ያለ ቤት ትርጉሙን ያጣል፤ ፈቃድ ጠያቂውም አስረጂውም ልጁ ራሱ ይሆናልና። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው አባባል ልጅን ለመንቀፍ ሲነገር ኖሯል። እዚህ ላይ ግን ነቀፌታው የሚገባው ለልጅ የማይመጥን ሥራ በልጅ ትከሻ ላይ ለጣለው አሠራር ነው።

የዚህ አሠራር ጉዳት ጎልቶ የሚታየው በራቁት ምስል አስፈራርቶ ገንዘብ የመጠየቅ ወንጀል ላይ ነው። ወንጀለኛው በቪዲዮ ጨዋታ ወይም በኢንስታግራም በኩል እኩያ ልጃገረድ መስሎ ይቀርባል፤ ወዳጅነቱን ወደ ግል መልእክት ይወስዳል፤ ምስል ልኮ ምስል ይጠይቃል። ልጁ አንዴ ከላከ በኋላ የጓደኞቹና የዘመዶቹ ስም ዝርዝር ይደርሰዋል፤ በስጦታ ካርድ ወይም በስልክ ገንዘብ ካልላከ ምስሉ ለእነርሱ ሁሉ እንደሚበተን ይነገረዋል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2021 እስከ ማርች 2023 ባለው ጊዜ ብቻ ኤፍ.ቢ.አይ. እና የሀገር ደኅንነት ሚኒስቴር መርማሪዎች ልጆች ሰለባ የሆኑበት ይህን መሰል ወንጀል የሚመለከቱ ከ13,000 በላይ ጥቆማዎች ደርሰዋቸዋል። የተጎጂዎቹ ቁጥር ቢያንስ 12,600 ሲሆን አብዛኞቹ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ቢያንስ 20 ልጆች ራሳቸውን አጥፍተዋል።

በዚያ ሰዓት የልጁ ሕይወት የሚወሰነው ለአንድ አዋቂ ሰው መናገር በመቻሉ ወይም ባለመቻሉ ነው። አማርኛ ተናጋሪ በሆነ ቤት ውስጥ ልጁ ሁለት ግድግዳዎችን መሻገር ይኖርበታል። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው፤ ልጁ የደረሰበትን በእንግሊዝኛ ያውቀዋል፣ በአማርኛ የሚናገርበት ቃል ግን የለውም። ሁለተኛው ገበና ነው። ነውርን ሸፍኖ ማለፍ በብዙ ቤት የጨዋነት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ወንጀለኛው ይህን ባያውቅም የሚጠቀመው በዚሁ ነው፤ ሀብቱ የልጁ ዝምታ ነውና። ትምህርት ቤቱ ነገሩን ደርሶበት ወላጅ ሲጠራ ደግሞ ስብሰባውን እንዲያስተረጉም የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ያው ልጅ ነው። ተጎጂው የራሱን ጉዳት ለአባቱና ለእናቱ እንዲተረጉም ማድረግ ጥበቃ ሊባል አይችልም።

ስለሆነም የወላጆች ትምህርት ከልጆቹ ትምህርት ጋር አብሮ መሄድ ይኖርበታል። ይዘቱም ስለ ኢንተርኔት አደገኛነት የሚነገር ጥቅል ምክር መሆን የለበትም። ወላጅ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂትና ግልጽ ናቸው። ገንዘብ መክፈል ማስፈራሪያውን አያቆምም። መልእክቶቹ ማስረጃ ስለሆኑ መጥፋት የለባቸውም። የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል በስልክ ቁጥር 1-800-843-5678 ጥቆማ ይቀበላል። ይኸው ማዕከል ምስሉ ከልጁ ስልክ ሳይወጣ ዲጂታል አሻራውን ብቻ ወስዶ፣ ከማዕከሉ ጋር የሚሠሩ ድርጅቶች ምስሉን ፈልገው እንዲያነሱ የሚያስችል ነፃ አገልግሎት አለው። በሜይ 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ ደግሞ መድረኮች ያለፈቃድ የተሠራጨን የራቁት ምስል ጥያቄ በቀረበላቸው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ያስገድዳል። ልጁ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ካለው 988 መደወል ይቻላል። ከሁሉም በላይ ወላጅ ለልጁ አስቀድሞ ሊነግረው የሚገባ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ምንም ብታደርግ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ፤ ስለነገርከኝ አትቀጣም።» ይህ ቃል አደጋው ከደረሰ በኋላ ቢነገር ዋጋው ያንሳል።

ለዚህ የሚሆን የሕግ መሠረት አለ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አንቀጽ ስድስት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት በብሔራዊ ምንጭ ምክንያት አድልዎ እንዳይፈጽሙ ይከለክላል፤ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች መረጃን በሚገባቸው ቋንቋ የማድረስ ግዴታቸውም ከዚህ የመነጨ ነው። የቋንቋ ተደራሽነትን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ በማርች 2025 ቢሻርም፣ ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ በትእዛዝ መሻር አይቻልም። የዋሽንግተን ዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግም አማርኛ በተግባር ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ ሃያ ዓመታት አልፈዋል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በአማርኛ መረጃ ያወጣሉ። የጎደለው ይህ አቅም ለኢንተርኔት ደኅንነት ትምህርት በግዴታ እንዲውል የሚያዝ ድንጋጌ ነው። የ2008ቱ ሕግ ስለ ተማሪው ሲናገር ስለ ወላጁ ዝም ይላል።

ስለዚህ የሕግ አውጪ ቢሮዎች ሦስት እርምጃዎችን ሊያጤኑ ይገባል። አንደኛ፣ በየግዛቱ ሕግ፣ ቢቻልም በፌዴራሉ ሕግ ማሻሻያ፣ ለተማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት ይዘት በዚያው የትምህርት ወቅት ለወላጆች በሚናገሩት ቋንቋ እንዲደርስ መደንገግ። ሁለተኛ፣ የኢንተርኔት ጥቃትን በሚመለከት በማንኛውም ስብሰባ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት አስተርጓሚ እንዳይሆን በግልጽ መከልከል። ሦስተኛ፣ ወላጆች በእርግጥ በሚገኙባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በአብያተ ክርስቲያናት፣ በመስጊዶችና በቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤቶች፣ ትምህርቱን ለሚሰጡ የማኅበረሰብ ድርጅቶች መጠነኛ በጀት መመደብ። የማኅበረሰብ ተሟጋቾችም ሕጉ እስኪሻሻል መጠበቅ የለባቸውም። ኢ-ሬት የሚቀበል ትምህርት ቤት የኢንተርኔት ደኅንነት ፖሊሲ ሊኖረው፣ ፖሊሲውንም ሲያወጣ ቢያንስ አንድ ሕዝባዊ ስብሰባ ሊያደርግ ይገባው ነበር። ስብሰባው መቼ ተደረገ? በአማርኛ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበርን? ሰነዱስ በአማርኛ ይገኛልን? እነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ ሊቀርቡ ይችላሉ።

ወጪው ይበዛል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ የትምህርቱ ይዘት ከጥቂት ገጾች አይበልጥም፤ አንዴ በጥንቃቄ ከተተረጎመም ለብዙ ዲስትሪክቶች ይሆናል። ወላጆች እንግሊዝኛ ይማሩ የሚሉም አሉ። ይማሩ፤ ነገር ግን ቋንቋ ለመማር ዓመታት ያስፈልጋሉ፣ ወንጀለኛው ለልጁ የሚሰጠው ጊዜ ግን ሰዓታትን ብቻ ነው። ከማኅበረሰቡ ውስጥ የሚመጣው ተቃውሞ ደግሞ የበለጠ ክብደት አለው፤ ስለዚህ ነገር በግልጽ መናገር ልጅን ማባለግ ነው የሚል ነው። ይህ ስጋት በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። መልሱ ግን ከእውነታው ይገኛል፤ ስልኩ በልጁ እጅ ነው፣ እንግዳውም ያለ ፈቃድ ወደ ቤቱ ገብቷል። ወላጅ ዝም ሲል ስለ ጉዳዩ ለልጁ የሚናገረው እንግዳው ብቻ ይሆናል።

ሕጉ ልጁን አስተምሯል። ልጁ ግን ስለ ራሱ አደጋ ለቤተሰቡ መምህርም አስተርጓሚም ሆኖ እንዲቀጥል መጠበቅ አይቻልም። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ፣ የሠለጠነ አንድ አስተርጓሚ እና በሕግ የሰፈረ አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ሸክም ከትከሻው ሊያነሡለት ይችላሉ።