«ሰነፉ» የተሰኘው ንጉሥ
የኋላ ዘመን ጸሐፊዎች ለፖላንዱ ንጉሥ ለዳግማዊ ሚየሽኮ «ሰነፉ» የሚል ቅጽል አትርፈውለታል። አባቱ ቦሌስዋፍ «ጀግናው» እየተባለ ሲወደስ፣ የአባቱን ግዛት ያጣ ልጅ የተሻለ ስም እንዲያገኝ መጠበቅ ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ቅጽሉ ከሥራው ጋር አይገጥምም። ሚየሽኮ እ.ኤ.አ. በ1025 ዘውድ ጫነ፤ በ1028 እና በ1030 ሳክሶኒን ወረረ፤ በ1029 የዘመተበት ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኮንራድም ባውትሰንን ከብቦ ሳይዛት ተመለሰ። በትምህርትም ቢሆን የሚናቅ ሰው አልነበረም፤ የሎሬን መስፍን ባለቤት ማቲልዳ የሥርዓተ ቅዳሴ መጽሐፍ ስትልክለት፣ ፈጣሪውን በላቲን ብቻ ሳይሆን በግሪክኛም ማመስገን መቻሉን አድንቃ ጽፋለታለች።

ውድቀቱን በስንፍና ከመተርጎም ይልቅ ውርሱን መመርመር ይገባል። ቦሌስዋፍ ሉሳትያን ከጀርመኖች፣ የቼርቨን ከተሞችን ደግሞ ከኪየቭ ነጥቆ ስለ ነበር፣ ልጁ ከግዛቱ ጋር ሁለት ባላንጣዎችን አብሮ ወረሰ። ከውርስ የተገፋው ታላቅ ወንድሙ ቤስፕሪምም ቂም ይዞ ነበር። ቤቱ እንዲህ ሳይረጋ ሳክሶኒን መውረሩ ከባድ የፍርድ ስሕተት ነው፤ ችኮላ ግን ስንፍና አይባልም። በ1031 ኮንራድ ከምዕራብ፣ የኪየቩ ያሮስላቭ ከምሥራቅ ዘመቱበት። ቤስፕሪም ዙፋኑን ይዞ የንግሥና ምልክቶቹን ለንጉሠ ነገሥቱ ላከ፤ ሚየሽኮም ወደ ቦሄሚያ ሸሽቶ በዚያው ታሰረ። ወንድሙ ብዙም ሳይቆይ ተገድሎ እርሱ በ1032 ቢመለስም፣ በ1033 በሜርሰቡርግ የንጉሥነት ማዕርጉን ትቶ ግዛቱን ከዘመዶቹ ጋር እንዲካፈል ተገደደ። በ1034 ሞተ። ከእርሱ በኋላ በፖላንድ ምድር ንጉሥ ዘውድ የጫነው በ1076 ነው።